የሚሺጋን ሐይቅ «የገና ዛፍ መርከብ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ራውስ ሲሞንስ የተባለችው ባለሦስት ምሰሶ የእንጨት የሸራ መርከብ ለቺካጎ ገበያ የገና ዛፍ እንደጫነች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1912 አሜሪካ ውስጥ በሚገኘው ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሰጠመች። ከተሳፋሪዎቿ የተረፈ የለም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ብዙ ተረት ተወርቷል። ይህ ደግሞ መርከቧንም በእሷ የሞቱት ሰዎች የሠሩትንም ሥራ ይሸፍናል።

«ሐይቅ እንደ ባሕር አያሰጋም»

ሐይቅ ሲባል ጣናን የሚያስብ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ሚሺጋን ግን 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቁ ቦታ 281 ሜትር ይደርሳል። ማዕበሉ ከውቅያኖስ ማዕበል ይልቅ የተቀራረበና ቀጥ ያለ ስለሆነ መርከብ ከአንዱ ሳትላቀቅ ሌላው ይደርስባታል።

«ለገና ዛፍ ተብላ የተሠራች ብቸኛ መርከብ ነበረች»

በ1868 ሚልዋኪ ውስጥ ስትሠራ ዓላማው ጣውላ ማጓጓዝ ነበር። ርዝመቷ 38 ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችውም በዚሁ ሥራ ነው። የገና ዛፍ የዓመቱ የመጨረሻ ጭነት ነበር፤ ሌሎች ብዙ መርከቦችም ይጭኑት ነበር። የመርከቧ ካፒቴን የኸርማን ሹነማን ወንድም ኦገስት ራሱ በ1898 የሞተው ዛፍ ጭና በሰጠመች ሌላ መርከብ ላይ ነው።

«ያሰጠማት ከልክ ያለፈ ጭነት ብቻ ነው»

ጭነቱ ከባድ እንደነበረ እውነት ነው። ከሚሺጋን ግዛት የቶምፕሰን ወደብ ስትነሳ ከ3,000 እስከ 5,000 የሚገመት ዛፍ ነበራት፤ ከፊሉ የታሰረው ከላይ ጀርባዋ ላይ ነው። ነገር ግን ዕድሜዋ 44 ዓመት ነበር። ያረጀ የእንጨት መርከብ በማዕበል ሲጠማዘዝ የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ይላላና ውሃ ያስገባል። በረዶም ተጨመረ፦ የሚረጨው ውሃ ገመዱና ሸራው ላይ፣ ከሁሉም በላይ በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ይጋገራል። ክብደቱ ወደ ላይ ሲበዛ መርከቧ ካዘነበለችበት ቶሎ አትመለስም። የቀዘቀዘ ገመድም በመዘውሩ ውስጥ ስለማያልፍ ሸራ መጠቅለል አይቻልም። የመሪ ጎማዋ በ1999 በዓሣ አጥማጆች መረብ የተገኘው ከስብርባሪው ርቆ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ከመስጠሟ በፊት የመሪ ጎማዋን ሳታጣ አልቀረችም። እኛ ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ያገኘነው ይህንን የችግሮች መደራረብ ነው።

«የነፍስ አድን ሠራተኞች ቸል አሏት»

ይህ ክስ ፍትሐዊ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡50 ላይ በዊስኮንሲን ግዛት የኬዋኒ ነፍስ አድን ጣቢያ ሠራተኛ ባንዲራዋን ዝቅ አድርጋ የጭንቅ ምልክት የምታሳይ መርከብ አየ። ርቀቷ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ባለሞተር ጀልባ በእጁ ስላልነበረና በመቅዘፊያ ስለማይደረስባት 9፡10 ላይ በስተደቡብ ወዳለው የቱ ሪቨርስ ጣቢያ ደወለ። ከዚያም ባለሞተር ጀልባ ወዲያው ወጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ የቀራት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነበር። ቢፈልጉም አላገኟትም።

«አንዳች ምልክት ሳትተው ጠፋች»

ዛፎቿ ለዓመታት በዓሣ መረብ ሲወጡ ኖረዋል። በ1924 ደግሞ ውሃ በማያሳልፍ ጨርቅ የተጠቀለለው የካፒቴኑ ቦርሳ ተገኘ።

«እንጨት ስለሆነች እስካሁን በስብሳለች»

በ1971 ጠላቂ ሲያገኛት በ50 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበረች፤ ዛፎቹም እዚያው ተከምረው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንጨት የሚሰረስረው የባሕር ትል ጨዋማ ውሃ ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜውም ብስባሴን ያዘገያል። አሁን የሚያሰጋት ከውጭ የመጣው ኳጋ የተባለ ባለዛጎል ፍጥረት ነው። በየሳንቃው ላይ ተደራርቦ ይለጠፋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ብረቱንም ቶሎ ያዝጋል። በ2007 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍራለች። ጠላቂዎች ሊያይዋት ይችላሉ፤ ዕቃ ማንሳት ግን በሕግ ክልክል ነው።

«ንግዱም ከካፒቴኑ ጋር አበቃ»

ሚስቱ ባርባራና ሴቶች ልጆቹ ቺካጎ ውስጥ ዛፍ መሸጡን ለዓመታት ቀጥለዋል፤ ኋላ ላይ ጭነቱ በባቡር ይመጣ ነበር።