የባሕር ላይ «ወንበዴ ሬዲዮ» ምንድን ነው?

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርች 28 ቀን 1964 የእነሱ ቅዳሜ ሹር ነበር። እኩለ ቀን ላይ፣ ፊሊክስቶው ከምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ትይዩ መልሕቋን የጣለች መርከብ ሙዚቃ ማሰራጨት ጀመረች። ድሮ ዴንማርክ ውስጥ መንገደኛ ታመላልስ ነበር፤ አሁን የፓናማ ባንዲራ ሰቅላለች። የመርከቧ ስም ካሮላይን፣ የጣቢያውም ሬዲዮ ካሮላይን። ፈቃድ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም የሚሰጣቸው አልነበረም።

«ፓይሬት ሬዲዮ» ወይም ወንበዴ ሬዲዮ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጭ ጣቢያ። በኋላ ከፎቅ ጣሪያና ከጓዳ የሚያሰራጩትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል፤ ስሙ የሚያምረው ግን በባሕሮቹ ላይ ነው። ወንበዴ የተባሉት መርከብ ዘርፈው አይደለም። ያልተሰጣቸውን የአየር ሞገድ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም ለሚያጫውቱት ሸክላ ለባለመብቶቹ አይከፍሉም። ስለዚህ ስሙ ጨርሶ የሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

የነገሩ ቁልፍ 3 የባሕር ማይል ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ የባሕር ክልል እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓለም አቀፍ ባሕር ነው፤ መርከቧን የሚገዛት ባንዲራዋን የሰቀለችለት አገር ሕግ ብቻ ነው። ፖሊስ ዳር ላይ ቆሞ በዓይኑ ያያታል፤ ሄዶ ግን አይዛትም።

ለመሆኑ እንግሊዝ ሬዲዮ አጥታ ነበር ወይ? አላጣችም፤ ቢቢሲ ነበራት፣ እሱም ብቻውን። ቢቢሲ ግን ከሸክላ ኩባንያዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በገባው ውል እጁ ታስሯል። ሸክላ ማጫወት የሚፈቀድለት በቀን 5 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን «የመርፌ ሰዓት» ይሉታል፤ የማጫወቻዋን መርፌ ማለታቸው ነው። ሸክላው በነጻ ከተሰማ ማን ይገዛዋል፣ ባንድስ ማን ይቀጥራል የሚል ስጋት ነበር። ቢትልስ ዓለምን ባንቀጠቀጡበት ዓመት የገዛ አገራቸው ወጣት የሚወደውን ዘፈን በሬዲዮ የሚሰማው ተራ ጠብቆ ነው። የካሮላይን መሥራች፣ አየርላንዳዊው ሮናን ኦራሂሊ፣ የያዘውን ዘፋኝ ሸክላ የሚያጫውትለት ቢያጣ ጊዜ የራሱን ጣቢያ እንደከፈተ ይነገራል። ሐሳቡ እንኳ የእሱ አልነበረም፤ በ1958 ሬዲዮ መርኩር ለዴንማርክ፣ በ1960 ሬዲዮ ቬሮኒካ ለሆላንድ ከመርከብ ላይ ጀምረው ነበር።

መርከብ ደግሞ እነዚህ ጣቢያዎች ለሚያሰራጩበት ለመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) የተመቸች ናት። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ከሥሩ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ መሬት ይፈልጋል። የብስ ላይ ለዚህ ሲባል ብዙ ሽቦ ይቀበራል፤ ጨዋማ የባሕር ውሃ ግን ከየትኛውም አፈር የተሻለ ስለሆነ መርከቧ ይህን በነጻ ታገኘዋለች። ችግሩ ማዕበሉ ነው። ያን ሁሉ የብረት ምሰሶ ተሸክማ በምትወዛወዝ መርከብ ውስጥ መርፌዋ ሸክላው ላይ ትዘላለች፣ ዘፈኑም መሐል ላይ ይቆረጣል። ጃንዋሪ 1966 ላይ የካሮላይን ሁለተኛ መርከብ ሚ አሚጎ በማዕበል ተገፍታ ፍሪንተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ ላይ ወጣች፤ ሰዎቿም በተዘረጋላቸው ገመድ ተንጠልጥለው ነው የተረፉት።

መንግሥት መርከቧን መንካት ቢያቅተው ወደ ስንቋ ዞረ። ከኦገስት 15 ቀን 1967 ጀምሮ አንድ እንግሊዛዊ በእነዚህ ጣቢያዎች ቢሠራ፣ ምግብም ሆነ ነዳጅ ቢያደርስ፣ ማስታወቂያም ቢሰጥ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ሆነ። ሕጉን አልወደውም፤ ብልሃቱን ግን አደንቃለሁ። አምባው አልሰበር ሲል ውሃውን መቁረጥ ማለት ነው። ትልቁ ተፎካካሪ ሬዲዮ ለንደን ቀኑ ሳይደርስ ዘጋ። ካሮላይን ግን እምቢ አለች፤ ስንቋንም ከሆላንድ ታስመጣ ጀመር።

የዚያን ጊዜ ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ የፍሪንተኑ ወሬ ነው። ሌሊት አድማጮች መኪናቸውን ባሕር ዳር አቁመው ፊታቸውን ወደ መርከቧ ያዞራሉ። ጆኒ ዎከር የተባለው አቅራቢ ከጨለማው ባሕር በሬዲዮ ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም የመኪና መብራት ብልጭ እያደረጉ ይመልሱለታል። ሞባይል በሌለበት ዘመን!

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1967 ቢቢሲ ሬዲዮ 1 የተባለውን የወጣቶች ጣቢያ ከፈተ። ጠዋት መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የቶኒ ብላክበርን ነበር፤ ራሱ ከመርከቦቹ የመጣ ሰው። ካሮላይንን በመጨረሻ ያስቆማት ሕጉ ሳይሆን ዕዳ ነው። ስንቅ ያመላልስላት የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ሒሳቡ አልከፈል ቢለው ማርች 3 ቀን 1968 ሁለቱንም መርከቦች ጎትቶ ወሰደ።

ሁሉም ግን ለፖፕ ሙዚቃ ሲሉ አልወጡም። እስራኤላዊው አቢ ናታን ከ1973 እስከ 1993 «የሰላም ድምፅ» የተባለ ጣቢያ ከሜዲትራኒያን ላይ ሲያሰራጭ ኖሯል፤ ዓላማው አይሁድና ዐረብን ማቀራረብ ነበር። በእኛ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ለተፈናቀሉ ሰዎች የድንኳን መጠለያ ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። ጣቢያውን ሲዘጋ መርከቧን ራሱ አሰጠማት።

ሬዲዮ ካሮላይን ግን በሚ አሚጎ ላይ ሆና ተመልሳ መጣች። ሚ አሚጎ በ1980 ስትሰጥም ሠራተኞቹ ካናሪ ወፋቸውን ጭምር ይዘው በነፍስ አድን ጀልባ ወጡ። በ1983 ሮስ ሪቬንጅ የተባለች የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ተተካች። በ1987 እንግሊዝ የባሕር ክልሏን ከ3 ወደ 12 ማይል አሰፋች፤ ከክልሏ ውጭ ለመሆን ያን ያህል መራቅ ግድ ሆነ።

ዛሬ ካሮላይን ሕጋዊ ጣቢያ ናት። በ2017 የመካከለኛ ሞገድ ፈቃድ አግኝታ በ648 ኪሎኸርዝ ታሰራጫለች። ሞገዱ ቀድሞ የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ነበር።