መናፈሻ አይደለም፣ አጥር ነው

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ እኛ ሰፈር ያሉ ነዋሪዎች ከተማው የውሻ ፓርክ እንዲሠራላቸው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሰፈሩ ውስጥ አበሻ ስለሚበዛ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መልስልን አሉኝ። መለስኩት። «የውሾች መናፈሻ ይሠራልን» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ «ጥያቄ ያለው ይደውል» ብዬ የራሴን ስልክ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ደዋይ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። «መናፈሻ? ኬክም ይቆረሳል?»

እውነቱን ነው። እኛ መናፈሻ ሲባል ሙሽራ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው የሚታየን። ሚዜ፣ አበባ፣ ፏፏቴ። ይሄን ቃል ከውሻ ጋር ሳጋባው ሰው ምን ይበል? ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም የሚሉት ያንኑ አምስት ስድስት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ።

ማን ነህ ለሚለኝ፣ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬያለሁ። እዚህ አገር በሐኪምነት ለመሥራት ተጨማሪ ፈተና ማለፍ ስላለብኝ ለጊዜው ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። ሰፈር ውስጥ ግን «ዶክተር» ነኝ። በተለይ ነጻ ምክር ሲፈለግ።

«ሰው ጎዳና ላይ እያደረ ለውሻ መዝናኛ!»

ከአሥር ደዋይ ዘጠኙ በዚህ ነው የሚጀምረው። እኔንም አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄው ነው። ጥያቄው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ነገሩን ገልብጦ ስለሚያየው ነው።

የውሻ ፓርክ የሚሠራው ውሻ እንዲመጣ አይደለም። ውሻው መጥቷል። አፓርታማው ውስጥ ከላይም ከታችም አለ። በሊፍት አብሮን ይወርዳል። የቀረው ጥያቄ የት ይሩጥ የሚለው ብቻ ነው። የከተማው ሕግ ውሻ በሕዝብ ቦታ በማሰሪያ ተይዞ ይሂድ ይላል። የፌዴራል መንግሥቱ ፓርኮች ደግሞ ማሰሪያው ከስድስት ጫማ አይለፍ ይላሉ። ሕጉ አለ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ወደ ልጆች መጫወቻው ብቅ በሉ። መጫወቻው አጥር አለው፣ በር አለው። ባለ ውሻው ገብቶ በሩን ይዘጋና ውሻውን ይለቀዋል። ውሻው ይሮጣል፣ ይሸናል፣ ሌላውንም ያደርጋል። አራት ሰዓት ላይ የእናንተ ልጅ እዚያው አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ይልሳል።

እንግዲህ የውሻ ፓርኩ ለማን ነው?

እኔ እንደገባኝ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ውሻ ለሌለው ሰው ነው። ከዚያ ውሻ ለሚፈራ ሰው። ውሻው ሦስተኛ ነው።

ምን እንደሆነ ላልገባው ደግሞ ልናገር። ፏፏቴ የለውም። ከፍ ያለ አጥር ነው። መሬቱ ብዙ ጊዜ ጠጠር ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ነው። የተፈጥሮ ሣር የውሻ እግርና ሽንት አይችልም። የውሃ ቧንቧ አለ፣ የቆሻሻ ከረጢት የሚሰቀልበት ሳጥን አለ፣ ለሰው አግዳሚ ወንበር አለ። ጥሩ ሆኖ ከተሠራ ለትልልቁና ለትንንሹ ውሻ የተለያየ ክፍል ይኖረዋል። ዋናው ነገር ግን በሩ ነው። በሩ ሁለት ነው። አንዱን ከፍታችሁ ትገቡና ትዘጉታላችሁ፤ ከዚያ ነው ሁለተኛውን የምትከፍቱት። መሐል ላይ ጠባብ ክፍል አለች። አንዱ ውሻ ሾልኮ ቢመጣ እንኳ ከዚያች ክፍል አያልፍም።

ማየት የሚፈልግ ሩቅ አይሂድ። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎውን በልቶ ወደ 11ኛው ጎዳና ይሻገር። ሾው የሚባለው ሰፈር የውሻ ፓርክ እዚያ አለ። ከተማው ውስጥ ሕጋዊ የውሻ ፓርክ እንዲኖር የፈቀደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፣ ይሄኛው በ2008 ተከፈተ። ነገሩ የዲሲ ቅንጦትም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ነው የሚባለው የውሻ ፓርክ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው ነው። ያኔም የጠየቁት ነዋሪዎች ናቸው።

ስለ ገንዘቡ፣ የፓርክ በጀት ለፓርክ፣ የቤት በጀት ለቤት ነው የሚያዘው። ይሄ አጥር ቀረ ማለት ጎዳና ላይ ላለው ሰው ቤት ተሠራለት ማለት አይደለም። ስለ ቤት የምር የሚያንገበግበው ሰው ካለ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኑ ስብሰባ ለእሱም ክፍት ነው። ኮሚሽነሮቹ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይምጣና ይናገር፣ እኔም አብሬው እፈርማለሁ። እስካሁን ግን «ሰው ጎዳና እያደረ» ብሎ ከደወለልኝ ሰው አንዱንም ስብሰባ ላይ አላየሁትም።

«የእብድ ውሻ በሽታ ያመጡብናል»

በዚህ ላይ አልቀልድም። ተማሪ ሆኜ አንድ ክረምት ገጠር ወጥተን ነበር። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ የጎረቤት ውሻ እጁን ቧጭሮት ነበር፣ ትንሽ ነገር። ቤተሰቡ ቅጠል አሰሩበት። እኛ የሰማነው ከወር በኋላ ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ማንም የሚያደርግለት ነገር አልነበረም። ምልክቱ ከታየ ይሄ በሽታ አይምርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ውሻ ፈራ ብዬ አልስቅበትም። እዚያ በሽታው ሰው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በውሻ ነው።

እዚህ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ውሻ ለውሻ የሚያስተላልፈው ዓይነት ከአሜሪካ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታውጇል። የጠፋው በተአምር አይደለም፣ በክትባት ነው። ዲሲ ውስጥ ከአራት ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ መከተብና መመዝገብ አለበት። በሽታው ራሱ ግን አልጠፋም። የሚኖረው ራኩን (ሌሊት ቆሻሻ የሚበረብረው የዱር እንስሳ)፣ የሌሊት ወፍና ቀበሮ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2022 የኮንግረስ ሕንፃ ያለበት ካፒቶል ሂል አካባቢ አንዲት ቀበሮ አንድ የኮንግረስ አባልን ጨምሮ ሰዎችን ነከሰች። ስትመረመር በሽታው ተገኘባት።

እና የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ማሰሪያ ያለውን የተከተበ ውሻ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ማታ ቆሻሻ ገንዳው ላይ የወጣውን ራኩን ግን ለልጁ ቪዲዮ ይቀርጽለታል። አንድ ጎረቤቴ ዳቦ ሲወረውርለት በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡ፣ እባክዎ ይተዉ።

ይሄን አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። እዚህም ሆነ አገር ቤት፣ ውሻም ሆነ ሌላ አውሬ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። «ትንሽ ናት» አትበሉ። «ውሻውን አውቀዋለሁ» አትበሉ። ቅጠል፣ ቡና፣ በርበሬ አትነስንሱ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ሳይመጣ ከተጀመረ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ፣ ንክሻ ባይታያችሁም ሐኪም ጠይቁ። ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ምልክቱ ላይታይ ይችላል።

ውሻ ከአዲስ አበባ ላስመጣ የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) የተደረገለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በሽታው በስፋት አለባቸው ከተባሉት አገሮች ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል። ቡችላ ሻንጣ ውስጥ ደብቄ የሚለኝ ሰው አይደውልልኝ።

«ውሻ ርኩስ ነው፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም»

ሃይማኖት አላስተምርም። ግን አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ከእኔ የተሻለ አስረድቶኛል። ለሶላት በለበሰው ልብስ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ውሻ እየዘለለ ሲልሰው ተመልሶ መታጠብ አለበት። እሱ የፈረመው «አጥር ቢኖራቸው እኔ ላይ አይዘሉም» ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን ለብሳ የምትወርድ እናትም ያው ናት። ሩጦ የጠገበ ውሻ ሊፍት ውስጥ ሰው ላይ አይዘልም።

ትንንሾቹ ቅሬታዎች

«ጭራውን ከቆላ ይወድሃል ማለት ነው።» አይደለም። የተቆጣም ውሻ ጭራውን ይቆላል። ገላው የደረቀና ዓይኑ የፈጠጠ ከሆነ ራቁት።

«እበት ማዳበሪያ ነው፣ ምን አለበት።» የላም ነው ማዳበሪያ። ውሻ ሥጋ በል ነው፣ ኩሱ ውስጥ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ትኩሱ እንኳ ይሻላል። የወስፋቱ እንቁላል ሰው የሚይዝበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ከዚያ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ቶሎ ይነሳ።

«ሲጮኹ አያስተኙንም።» ፓርኩ ሰዓት አለው፣ ሌሊት ዝግ ነው። አሁን የሚያስጮኸው ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መዋሉ ነው። ደግሞስ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? ፓርኩ ውስጥ ምግብ ክልክል ነው።

«ትንሽ ውሻ አይነክስም።» ክንዴን ላሳያችሁ?

አሁን ደግሞ ወደ ባለ ውሾቹ

የጨረስኩ መስሏችሁ ከሆነ አልጨረስኩም። ክሊኒክ ውስጥ የሚያደክመኝ ውሻ የሚፈራው አበሻ አይደለም። በቅርቡ ውሻ የያዘውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ባለሙያ የሆነው ነው።

«ፓርኩ ካለ ወክ ማድረግ ቀረ» ይላል። አይቀርም። ውሻ መንገድ ላይ ማሽተት፣ መኪና መልመድ፣ ሰው ማለፍ መማር አለበት። «የእኔ ውሻ ሰላማዊ ነው» ይላል፣ ስልኩ ላይ አጎንብሶ። ውሻው ከበስተጀርባው የሌላውን ጆሮ ይዟል።

ከሁሉም የባሰው «ቡችላ ነው፣ ቶሎ ይልመድ» የሚለው ነው። አንድ የማውቀው ልጅ የአሥር ሳምንት ቡችላ ገዛ። ክትባቱ ገና አልተጨረሰም። አትውሰደው ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ወሰደው፣ በሳምንቱ ፓርቮ ይዞት ደም ያስቀምጠው ጀመር። ፓርቮ አፈር ላይ ከወራት አልፎ ዓመት ሊቆይ የሚችል ቫይረስ ነው። ቡችላው ተረፈ። የልጁ የባንክ ሒሳብ አልተረፈም። እኔም «ነግሬህ ነበር» ሳልል ለመዋል ከባድ ቀን ነበር።

ስለዚህ ክትባቱ ሳያልቅ አትግቡ። አይጥ የበዛበት ከተማ ነውና ሌፕቶስፓይሮሲስ ስለሚባለው ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ነው፣ ሰውም ይይዛል። የሚያስል ውሻ ቤት ይዋል። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ጠብ ፈልጎ ነው የመጣው። ወደ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ማሰሪያውን ፍቱት፤ ሌሎቹ ተለቀው የእናንተ ብቻ ታስሮ ሲቆም ይፈራና ይነክሳል። አጥንትና ኳስ ቤት ይቅር። ትንንሽ ልጆችም እንደዚሁ። የሚሮጥ ሕፃን ለሚሮጥ ውሻ ጨዋታ ነው።

ወረቀቱን አስተካክዬዋለሁ። «መናፈሻ» የሚለውን ሰርዤ «የታጠረ የውሻ መሮጫ» ብያለሁ። ስልኬ ግን አሁንም ከታች አለ፣ ማጥፋት ረሳሁ።

ትናንት ማታ ከእኔ ፎቅ በታች የሚኖሩት እትዬ ደወሉ። ውሻ በጣም ነው የሚፈሩት፤ አሳንሰሩ ውስጥ ካለ በእግራቸው ነው አራት ፎቅ የሚወጡት። ጉልበታቸው ደግሞ ያማቸዋል።

«በሩ ሁለት ነው ያልከው፣ የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው እትዬ።»

«ራሱ ነው የሚዘጋው?»

«ሁለቱም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እፈርማለሁ፣ ግን በሩ ላይ በአማርኛ ‹ኃይለኛ ውሻ አለ› ብላችሁ ጻፉበት» አሉኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ሰፈር ያሉት ልጆች እኮ አማርኛ ማንበብ አይችሉም።»

«እኔ እችላለሁ» አሉና ዘጉት።