«ኦቴሎ» የቅናት ታሪክ ብቻ ነው? የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሼክስፒር «ኦቴሎ» በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም እኛም ዘንድ ቤተኛ ከሆነ ቆይቷል። ታሪኩን ያላየውም ሰው በጥቂት ቃል ይነግራችኋል፦ ጥቁር የጦር አዛዥ፣ ነጭ ሚስት፣ አንድ መሀረብ፣ ቅናት፣ ሞት። እንዲህ ሲያጥር ግን በባልና ሚስቱ ዙሪያ ያሉት ሰዎች ይጠፋሉ። በእኔ እምነት ተውኔቱን ትራጄዲ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

«ኦቴሎ በተፈጥሮው ቀናተኛና ግልፍተኛ ነው»

በመጀመሪያው ገቢር የምናገኘው ሰው እንዲህ አይደለም። የሚስቱ የዴስዴሞና አባት ብራባንሺዮ በሌሊት የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ሲመጣበት፣ ሰይፋችሁን ወደ አፎቱ መልሱ፣ ጤዛው ያዝገዋል ብሎ በእርጋታ ያበርዳቸዋል። ሊያጠፋው የተነሳው የጦር ባልደረባው ኢያጎ እንኳ ብቻውን ሲሆን የኦቴሎን ጽናት፣ አፍቃሪነትና ክቡርነት ይመሰክራል። ኦቴሎ የሚሰበረው በሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ነው። እዚያም ቢሆን ኢያጎ፣ ሚስትህ ከምክትልህ ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች የሚለውን ጥርጣሬ የሚያስገባው ቀስ በቀስ፣ መናገር የከበደው ወዳጅ መስሎ ነው። ከሁሉ የከፋው ክርክሩ፣ የአገሬን ሴቶች ጠባይ እኔ አውቀዋለሁ የሚለው ነው። ኦቴሎ ለቬኒስ ይዋጋል እንጂ የቬኒስ ልጅ አይደለም፤ ይህን ሲሰማ ማመዛዘኛ የለውም። ቅናቱ የመጣው በዚህ ባዕድነት በኩል ነው።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጨለመ ተውኔት ነው»

አጀማመሩ የኮሜዲ ነው። ከአባቷ ተደብቃ ያገባች ልጅ፣ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ በመስኮት የሚጮህ አባት፣ እጅ መንሻዬ ለዴስዴሞና ይደርስልኛል እያለ ገንዘቡን ለኢያጎ የሚያፈስ ሞኝ አፍቃሪ፣ ሮድሪጎ፤ ሁሉም ከሳቅ መድረክ የመጡ ሰዎች ናቸው። ገቢሩ የሚያልቀውም ሁለቱ ፍቅረኞች በቬኒስ መስፍን ፊት ረትተው ነው። ኢያጎ ሮድሪጎን ሲያታልል እየሳቅን ዘዴውን እንለምዳለን፤ ዘዴው ወደ ኦቴሎ ሲዞር ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ስለዚህ መድረኩን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በሐዘን ሙዚቃ የሚሞላ አዘጋጅ ተውኔቱን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ።

«ዴስዴሞና ዝምተኛ ምስኪን ናት»

ባሏን ራሷ መርጣለች፤ በመማክርቱ ጉባኤ ፊት ቆማ ምርጫዋን አስረድታለች፤ ጦርነት ወዳለበት ወደ ቆጵሮስ አብሬው ልሂድ ብላም አስፈቅዳለች። ከሹመቱ ለወረደው ለካሲዮ ስትማልድም ባሏን አታስቀምጠውም። ኢያጎ የተጠቀመበት ይህንኑ ድፍረቷን ነው።

«ኢያጎ የተነሳው ሹመት ስለተነፈገ ነው»

ለካሲዮ የተሰጠው ሹመት አንዱ ሰበብ ነው። ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ ይላል፤ ቆየት ብሎ ካሲዮንም በዚሁ ይጠረጥራል። በመጨረሻ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ፣ ከእንግዲህ አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። በተውኔቱ ከሁሉም በላይ ብዙ የተናገረው እሱ ነው፤ ከኦቴሎም ይበልጣል።

«ኤሚሊያ ደንገጡር ብቻ ናት»

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህኛው ነው። የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ኦቴሎ ለዴስዴሞና የሰጣትን መሀረብ ከወደቀበት አንስታ ለባሏ ትሰጣለች፤ ለምን እንደፈለገው አታውቅም። ኢያጎ ግን የዴስዴሞና ክህደት ማስረጃ ያደርገዋል። ዴስዴሞና መሀረቡ የት ጠፋብኝ ስትላት፣ «አላውቅም እመቤቴ» ትላለች። ወዲያው ኦቴሎ ገብቶ መሀረቡን አምጪ እያለ ሲጮህ እዚያው ቆማለች፤ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። እሱ ሲወጣ ግን፣ ይህ ሰው ቀናተኛ አይደለም ወይ ብላ ትጠይቃለች እንጂ የምታውቀውን አትናገርም።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1565 ከታተመው የጣሊያናዊው ቺንቲዮ መጽሐፍ ነው። እዚያ መሀረቡን የሚሰርቀው በኢያጎ ቦታ ያለው ባል ራሱ ነው፤ ሚስቱም ሴራውን እያወቀች ባሏን ፈርታ ዝም ትላለች። ሼክስፒር ሴራውን እንዳታውቅ አድርጎ መሀረቡን በእጇ አሳለፈው። ያለ ክፋት፣ ባሏን ደስ ለማሰኘት ያደረገችው ነገር እመቤቷን ገደለ።

በመጨረሻው ትዕይንት ኦቴሎ፣ ሁሉን ባልሽ ያውቃል ሲላት «ባሌ?» እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች። ኢያጎ ወደ ቤት ግቢ ብሎ ሲያዛት፣ መታዘዝ ይገባኛል፣ አሁን ግን አይሆንም ብላ ስለ መሀረቡ እውነቱን ታወጣለች። ኢያጎም ይወጋታል። ለእኔ የተውኔቱ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

የኤሚሊያ ቃላት ከኅትመትም ጠፍተው ያውቃሉ። ሚስቶች የሚሳሳቱት በባሎቻቸው ጥፋት ነው፣ እኛም እንደ እነሱ ስሜት አለን የምትልበት የአራተኛው ገቢር ንግግሯ በ1623ቱ ኅትመት አለ፤ በ1622ቱ ግን የለም። ዛሬም ተውኔቱን ለማሳጠር ይህን ንግግር የሚቆርጥ አዘጋጅ ትዳር የተመረመረበትን ክፍል ይቆርጣል።

«ቢያንካ ለማሟያ የገባች ናት»

የካሲዮ ፍቅረኛ ናት፤ የምትታየውም ለአጭር ጊዜ ነው። ካሲዮ በጨለማ ሲወጋ እየጮኸች ሮጣ ትመጣለች፤ ኢያጎ ግን የእሷን መገርጣት እያሳየ ወንጀሉን ወደ እሷ ያዞራል። ስሟ ስለከፋ ሁሉም ያምነዋል። በዚያ ሰዓት ኤሚሊያም አብራ ትሰድባታለች።