የነዳጅ ፓምፕ አቅም ምንድን ነው?

ኮሮላዬ ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ነበረች። ሸዋሮቢት ስትወርድ ትታመማለች።

የድሮውን 1.3 ሞተር አውጥቼ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ (አየር በግፊት የሚነፋበት ሞተር) ካስገጠምኩ በኋላ ከተማ ውስጥም፣ በአንኮበር መንገድም ስነዳት አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ጣርማ በርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ፣ ከሸዋሮቢት ወደ ሰንበቴ የሚወስደው ሜዳ ላይ ስደርስ ግን ጉድ ይፈላል። የጭነት መኪና ልቅደም ብዬ ነዳጅ ስሰጣት ትንተባተባለች። ስመለስ ደግሞ ዳገቱን ጨርሳ ደብረ ብርሃን ስትገባ ምንም እንዳልነበረች ትሆናለች። አንዱ «የቆላ ቤንዚን ነው» አለኝ። ካንዴላ ቀየርን። ፊልትሮ ቀየርን። ወይ ፍንክች!

ችግሩ የነዳጅ ፓምፑ አቅም ነበር። ሞተሩን የገጠመልኝ ጋራዥ የድሮውን ፓምፕ እንዳለ ትቶታል።

የፓምፕ አቅም ማለት ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር ቤንዚን፣ በስንት ባር ግፊት፣ በስንት ቮልት ማድረስ ይችላል ማለት ነው። ሦስቱ አብረው ካልተነገሩ የሊትሩ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቤንዚን ይበላል። ቱርቦ የሌለው 230 አካባቢ ይበቃዋል። 300 ፈረስ ጉልበት ላለው ቱርቦ 81 ኪሎ መጣ ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን በሰዓት 110 ሊትር ይሆናል። ሩብ ያህል መጠባበቂያ ጨምሩበት፤ ወደ 137 ሊትር።

በየጋራዡ «255» የሚባለው ፓምፕ ስሙን ያገኘው በሰዓት 255 ሊትር ከሚለው ቁጥር ነው። ለ300 ፈረስ ጉልበት የሚተርፍ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በ3 ባር ግፊትና በ13.5 ቮልት ነው። ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ ሬጉሌተሩም (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ግፊቱን ወደ 4 ባር ያሳድጋል። ካላሳደገ ኢንጀክተሩ (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) የሚረጨው ከውስጥ ከሚገፋው አየር ጋር እየታገለ ነው፤ መጠኑም ይቀንሳል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ፓምፑ የሚሰጠው ሊትር ይቀንሳል። ስለዚህ ስትገዙ «ስንት ሊትር ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። «በ4 ባር ስንት ይሰጣል?» በሉ።

አሁን ወደ ሸዋሮቢት ልመለስ፤ ለእኛ አገር ሰው ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ከ85 በመቶ በላይ ይደርሳል። አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ብዙ አየር ሲስብ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ደጋ ላይ እየተንገዳገደ ያብቃቃ የነበረው ፓምፔ ቆላ ሲወርድ አነሰ። መኪናችሁን ደብረ ብርሃን ሞክራችሁ «በቃ፣ ሠራች» አትበሉ። ፓምፕ የሚመረጠው ለምትወርዱበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ጉልበት ላይ ሳለ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። እኔ በመንተባተብ ብቻ መትረፌ ዕድል ነው።

255ቱን ገዝቼ አስገባሁ። ተሻላት፤ ግን አልዳነችም። የነዳጅ ግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ ግፊቱ አሁንም ይወርዳል። አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። የኋላ ወንበሩን ገለበጡት። ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ላይ ያለውን የፓምፑን ሶኬት ሳይነቅሉ የቮልት መለኪያውን ሁለት መርፌዎች በሽቦዎቹ ጀርባ አስገቡ። ሞተሩን አስነሳሁ። ባትሪው ላይ 13.9፤ ፓምፑ ላይ 11.1።

«ልጄ፣ ፓምፕ ገዝተህለት መብራት ነፍገኸዋል» አሉኝ።

«ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ወፍራም ሽቦ።»

ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ መብራት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል አዲስ ወፍራም ሽቦ ተሳበ። የድሮው ቀጭን ሽቦ ሪሌውን ብቻ እንዲያዝዝ ተደረገ። የዚያን ዕለት ልኬቱ 13.6 አለ። በሳምንቱ ሰንበቴ ሜዳ ላይ ነዳጅ ስሰጣት መርፌው 4 ባር ላይ ንቅንቅ አላለም።

ቤንዚኑ የሚሄድበትን መስመርና የፓምፑን ቦታ በተመለከተ የሸዋሮቢት ሽንኩርት አምራቾች ከማንም በላይ ያውቁታል። የውሃ ፓምፓቸውን ማሳው ጋ አይተክሉትም፤ ወንዙ ዳር ነው። ፓምፕ ሩቅ ይገፋል እንጂ ሩቅ አይስብም። የቤንዚን ፓምፕም እንደዚያው ነው። ሳልባትዮው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ውጭ ከሆነ ከሳልባትዮው አጠገብ፣ ከሥሩ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ኮፈን ሥር ከተቀመጠ በሙቀት ጊዜ በሚስበው በኩል ቤንዚኑ ይተናል፤ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አይችልም። ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን የጋለ ሞተር ይዞ ያን ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመስመር ውፍረት ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤኤን 6 የሚባለው፣ ማለትም የ6/16 ኢንች መስመር፣ ለ300 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከ500 በላይ ስታስቡ ወደ ኤኤን 8 ሂዱ። የተረፈውን ቤንዚን ወደ ሳልባትዮው የሚመልሰውን መመለሻ መስመር ግን አትናቁት። ትልቅ ፓምፕ አስገብታችሁ የድሮውን ቀጭን መመለሻ ከተዋችሁት የተረፈው ቤንዚን መውጫ ያጣና መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 30 አር 7 የሚለው ለካርቡራተር ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። ለኢንጀክተር 30 አር 9 ይፈለጋል። ሳልባትዮው ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ለሚኖረው ቁራጭ ደግሞ 30 አር 10፤ ሌላው እዚያ ውስጥ ከውጭ በኩል ይበላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ከእኔ መኪና የወጣው ቁራጭ ጣቴ ላይ ጥቁር ቀለም ትቶ እንደ ሊጥ ይታጠፍ ነበር። ቱቦውን የሚያስረው ፋሸታም ጥርሱ ጎማውን የማይቆርጠው፣ ዙሪያውን እኩል የሚያጠብቀው ዓይነት ይሁን።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን ወዲያው አታስነሱ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙራችሁ ፓምፑ መስመሩን ይሙላ። ከዚያ በደረቅ ነጭ ሶፍት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጥረጉ፤ ሶፍቱ ላይ እርጥበት ካያችሁ ፍቱና እንደገና እሰሩ። እሳት ማጥፊያው እጃችሁ አጠገብ ይቀመጥ።