ዶስን በአዲስ ማሽን ማሠራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አካባቢ ያለ መደብር ክምችቱን በክሊፐር (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው የዶስ ስርዓት ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ) በተጻፈ ፕሮግራም የሚይዝ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲሞት ባለቤቱ የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። የሚከተሉት ደጋግመው የሚነሱት ናቸው።

«ዶስ ቀላል ስለሆነ የትም ይነሳል»

ቀላልነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዲስኩንም ኪቦርዱንም የሚያዘው በድሮው ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) በኩል ነው፤ አዳዲስ ቦርዶች ደግሞ ብዙዎቹ ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ብቻ ናቸው። ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ፊት የቦርዱን ሴቲንግ ከፍተው «ሲኤስኤም» ወይም «ሌጋሲ» የሚል፣ እንደ ድሮው ባዮስ የሚያሠራ ምርጫ ይፈልጉ። ካለ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈቀደ ስርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጥፉ፣ ያንን ምርጫ አብሩ፣ ከዚያ ሩፈስ በተባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍሪዶስ (ነጻው ዶስ) የተጫነበትን ፍላሽ (የክፍልፋዩ ዓይነት ኤምቢአር ይሁን) ሰክታችሁ አስነሱ። ከሌለ አትታገሉ፤ ዊንዶውስ ላይ ዶስቦክስ-ኤክስ (በዊንዶውስ ውስጥ ዶስን የሚያስመስል ፕሮግራም) ጫኑ።

«ኦሪጅናሉ ኤምኤስ-ዶስ ይሻላል»

የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስ-ዶስ 6.22 እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው። ፋት 32ን (በትልልቅ ዲስኮች ላይ ፋይል የሚደራጅበትን አሠራር) አያውቅም፤ አንድ የዲስክ ክፍልፋይም ከ2 ጊጋባይት አያልፍለትም። ፍሪዶስ ሁለቱንም ችግር ፈቷል፣ ነጻም ነው።

«ዊንዶውስ 11 ላይ ደብል ክሊክ ይበቃል»

አይበቃም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አያሠራም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው።

«ፓራሌል ፕሪንተሩን በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት ነው»

የዶስ ፕሮግራም በኤልፒቲ 1 (በመጀመሪያው ፓራሌል ፖርት) ላይ በቀጥታ ይጽፋል። ያ ገመድ ግን በዊንዶውስ ድራይቨር የሚሠራ የዩኤስቢ ፕሪንተር እንጂ እውነተኛ ፖርት አይደለም፤ ስለዚህ በንጹሕ ዶስ ገመዱ ተሰክቶም ፕሪንተሩ ዝም ይላል። በዶስቦክስ-ኤክስ ውስጥ መፍትሔ አለ፦ በኮንፊግ ፋይሉ የፓራሌል 1 ዋጋ «ፕሪንተር» ይሁን። ይህ የኤፕሰንን ትእዛዝ የሚረዳ ምናባዊ ፕሪንተር ነው፤ ውጤቱን ወደ ዊንዶውሱ ፕሪንተር እንዲልክ አድርጉት። የመጨረሻው ገጽ አልወጣም ካላችሁ ፕሮግራሙ የገጽ ማስወጫ ምልክት ሳይልክ ቀርቷል ማለት ነው፤ «ታይምአውት» የሚለውን 2000 ሚሊሰከንድ አድርጉት። ባለ ካርቦን ደረሰኝ የምታትሙ ከሆነ ግን እውነተኛ ፓራሌል ፖርት ያለው አሮጌ ማሽን ማቆየት ያዋጣል።

«ዶስ መብራት ቢሄድ አይጎዳም፣ ዝም ብሎ ማጥፋት ነው»

ስርዓቱ ላይጎዳ ይችላል። ዳታው ግን ሌላ ነገር ነው። የዳታ ፋይሉ መጠንና በፋይሉ መጀመሪያ (በራስጌው) ያለው የመዝገብ ብዛት የሚታደሱት ፋይሉ ሲዘጋ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራት በሄደ ሰዓት የገቡት ሽያጮች በዲስኩ ላይ ቢኖሩም አይታዩም። ሲመለስ መጀመሪያ ቼክዲስክ (የዲስክ መመርመሪያው ትእዛዝ)፣ ቀጥሎ የኢንዴክስ ፋይሎችን (መዝገቦችን በቅደም ተከተል የሚያገኙትን፣ ኤንቲኤክስ) አጥፍቶ እንደገና መገንባት። ቅደም ተከተሉን ማፋለስ የተበላሸውን ኢንዴክስ ማመን ነው። ስማርት ድራይቭ (ዲስክን የሚያፋጥነው የዶስ ፕሮግራም) ካለ በ«/ኤክስ» የመጻፍ ካሹን፣ ማለትም ዳታ ወደ ዲስክ ከመጻፉ በፊት በሜሞሪ መቆየቱን፣ ዝጉ። ዩፒኤስ ቢኖርም እንኳ ይህን ማወቅ አይከፋም።

«የኢትዮጵያ ቀን ስናስገባ ፕሮግራሙ የሚያስቸግረው ስላረጀ ነው»

ዕድሜ ምንም አላደረገም። የዲቤዝ (ክሊፐር የሚጠቀምበት የዳታ ፋይል ዓይነት) የቀን መስክ የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥቅምት 30 በቁጥር «30/02» ነው፤ ለፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ 30 ማለት ስለሆነ አይቀበለውም ወይም ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ነች፣ ጭራሽ ቦታ የላትም። የሚገባው ቀን ደግሞ ከማይገባው የባሰ ነው፤ ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 ያለው አንድ ቀን ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቆጥሮ ሁለት ይላል። የዱቤ ቀነ ገደብ በዚህ ከተሰላ ልዩነቱ በየወሩ ይለዋወጣል፤ ማንም አይጠረጥርም።

የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በእጃችሁ ካለ በመስኩ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጣችሁ በስክሪን ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ለውጡት። ወይም በቀን መስኩ ፈንታ ባለ 8 ፊደል የጽሑፍ መስክ ይበቃል፤ ዓመቱ ይቅደም፣ ወሩ ይከተል፣ ቀኑ ይጨርስ፤ ያለዚያ ሲደረደር መስከረምና ሐምሌ ይደባለቃሉ። ፕሮግራሙን ከማመናችሁ በፊት ጥቅምት 30ን እና ጳጉሜን 5ን አስገብታችሁ ዝጉት፣ እንደገና ከፍታችሁም እነዚያው ቀኖች መኖራቸውን ተመልከቱ።