የመዥገር ንክሻና የእንስሳት ቆዳ ምላሽ፦ በሀዋሳና አካባቢዋ ከብቶች እይታ

መዥገር ከእንስሳት ቆዳ ላይ ተጣብቆ ደም በመምጠጥ የሚኖር ጥገኛ ሲሆን፣ ንክሻው የሚያስነሳው ምላሽ እንደ መዥገሩ ዓይነት፣ እንደ ከብቱ ዝርያና ከብቱ ከዚህ ቀደም እንደገጠመው የመዥገር ወረራ ይለያያል። በሀዋሳ ዙሪያ በከብት ላይ በብዛት የሚገኙት የአምብሊዮማና የሪፒሴፋለስ ወገኖች ናቸው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መዥገሯ ቆዳውን ሰንጥቃ የአፏን ሹል ክፍል ካስገባች በኋላ፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንደ ሲሚንቶ የሚጠጥር ፈሳሽ አመንጭተው በቦታው ይጸናሉ። አምብሊዮማ አፏ ረጅም ስለሆነ የውስጠኛውን የቆዳ ክፍል ዘልቃ ትገባለች፤ በፍርምባ፣ በብሽሽትና በጡት ላይ የምትተወው ቁስል የከፋ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እረኛው በጣቱ ነቅሎ በድንጋይ ሲጨፈልቃት የአፏ ስባሪ ብዙ ጊዜ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፤ ነጭ የደም ህዋሳትም ስባሪውን ስለሚከቡት ቦታው ሲዳሰስ ጠጣር እብጠት ይሆናል። ቁስሉ ለባክቴሪያና ለዝንብ ትል በር ይከፍታል፤ ጡት ላይ ሲሆን ደግሞ የወተት መውጫውን እስከ መድፈን ይደርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተነከሰ እንስሳ ቆዳ ብዙም አይቆጣም። የመዥገር ምራቅ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ውህዶችን ከመያዙም በላይ የመከላከያ ሥርዓቱን ያዘናጋል። ማሳከክን የሚቀሰቅሰውን ሂስታሚን ይዘው የሚያስቀሩ ፕሮቲኖች በ1999፣ ነጭ የደም ህዋሳትን ወደ ቁስሉ የሚጠሩ መልእክቶችን የሚያፍኑት ኢቫሲን የተባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ በ2008 በምራቁ ውስጥ መኖራቸው ተገልጿል።

በተደጋጋሚ ሲነከስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ዊልያም ትሬገር በ1939 ባሳተመው ሥራ፣ አንድ ጊዜ በመዥገር እጭ የተወረሩ ጊኒ ፒጎች (ለቤተ ሙከራ የሚያገለግሉ ትንንሽ እንስሳት) ዳግመኛ ሲወረሩ ደም ጠጥተው የሚጠግቡት እጮች ቁጥር በእጅጉ እንደሚቀንስ፣ ይህም ጥበቃ በደም ውሃ (ሴረም) አማካኝነት ወደ ሌላ እንስሳ ሊተላለፍ እንደሚችል አሳየ። በ1973 ደግሞ አለን የተባለው ተመራማሪ ጥበቃውን ባገኙ ጊኒ ፒጎች ቆዳ ላይ፣ በንክሻው ሥር ባሶፊል የተባሉት ነጭ የደም ህዋሳት በብዛት ተከማችተው አገኘ። ብራውንና ባልደረቦቹ በ1982 ባሶፊሎቹን በፀረ ባሶፊል ሴረም አስወግደው ጥበቃው መጥፋቱን በማሳየታቸው፣ ቢያንስ በጊኒ ፒግ ጥበቃው ባሶፊልን የሚፈልግ መሆኑ ያለቀለት ነው ማለት ይቻላል። በአይጥ ላይ ግን ማስት የተባሉት፣ ቆዳ ውስጥ የሚገኙ የመከላከያ ህዋሳት ለጥበቃው ያስፈልጋሉ ወይስ አያስፈልጉም በሚለው ውጤቶቹ እንደ መዥገሩ ዝርያ ይጋጫሉ፤ የጊኒ ፒጉን ውጤት እንዳለ ወደ ከብት ማዛወርም አያስተማምንም። በከብት ረገድ ጆንስተንና ባንክሮፍት በ1918 በአውስትራሊያ መዥገር የማይበረታባቸው ከብቶች መኖራቸውን ዘግበው ነበር። የከብት መዥገርን የሚከላከል ክትባትም በ1990ዎቹ በአውስትራሊያና በኩባ ለገበያ ቀርቧል።

ሻኛ ያላቸው የአገራችን ከብቶች ከአውሮፓ ዝርያዎች ይልቅ መዥገርን የሚቋቋሙ መሆናቸው ጥርጥር የለውም። ይህ ብርታት ከቆዳው ነው፣ ከመከላከያ ሥርዓቱ ነው ወይስ ራሳቸውን አዘውትረው ከመላሳቸው የሚለው ግን አከራካሪ ነው፤ ሦስቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። በሀዋሳ የወተት እርባታዎች የሚገኙት ከሆልስቲን የተዳቀሉ ላሞች ወተታቸው ብዙ ቢሆንም፣ የፈረንጅ ደማቸው በጨመረ መጠን ይህ ብርታት ይቀንሳል። ሥሩን በ1976 ከተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ የሚመዝዘው አንጋፋው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪሞችን ሲያፈራ ቆይቷል። በአካባቢው የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው በመዥገር ዝርያ ልየታ ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ከአምብሊዮማ ወገን የሆነችው አምብሊዮማ ቫሪጌተም ከቁስሉ ባሻገር የከብቱን መከላከያ በማዳከም ደርማቶፊሎሲስ የተባለውን፣ ቆዳን ቅርፊት የሚያለብስ በሽታ ታባብሳለች፤ መዥገሩ በርጭት ሲወገድ ቅርፊቱም አብሮ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። የዳነ ቁስልም ቢሆን ጠባሳው አይጠፋም፤ በቆዳ ፋብሪካ ፀጉሩ በኖራ ሲነሳ ከላይኛው ገጽ ላይ ጉድጓድ ሆኖ ስለሚወጣ የቆዳውን ደረጃና ዋጋ ይቀንሳል።