የባሌሪና ሥዕል ሲታይ የሚያሳስቱ ነገሮች

የባሌት ዳንሰኛ የቁም ሥዕል ፊት ስንቆም ዓይናችን ቀድሞ ፊቷ ላይ ያርፋል። «ደስ ብሏታል»፣ «አዝናለች» ብለን ትርጉሙን እዚያው እንጨርሳለን። እኔ ግን ከእግሯና ከሥዕሉ ዳርቻ ጀምሩ እላለሁ።

«ባሌሪና ከሆነች ስትደንስ መሣል አለባት።» የለባትም። ፈረንሳዊው ኤድጋር ዴጋ በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሣላትን ዩጄኒ ፊዮክርን እንይ፤ ሥዕሉ ዛሬ በብሩክሊን ሙዚየም ይገኛል። ፊዮክር «ላ ሱርስ» የተባለው ባሌት ዳንሰኛ ነበረች። እዚህ ግን ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ውሃ ዳር ተቀምጣ፣ ራሷን በእጇ ደግፋ በሐሳብ ሄዳለች። አጠገቧ ፈረስ ውሃ ይጠጣል። የጥንት ልዕልት ናት ብሎ ያለፈ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን በፈረሱ የፊት እግሮች መካከል የወለቁ ሮዝ የባሌት ጫማዎች አሉ። እነሱን ካየን በኋላ ሥዕሉ ሌላ ነው፤ ቦታው መድረክ፣ ሰዓቱ የልምምድ ዕረፍት፣ ትካዜ የመሰለንም የደከመች ሠራተኛ ዝምታ ይሆናል። ይህን ሥዕል የምወደው ለእነዚያ ጫማዎች ስል ነው።

«ሠዓሊው ያየውን እንዳለ ገልብጦታል።» ዴጋ የሚሠራው በስቱዲዮው ውስጥ፣ ከንድፎቹና ከትዝታው ነበር። በ1874 የሣለው የዳንስ ክፍል የሚያሳየው የድሮውን የፓሪስ ኦፔራ የልምምድ አዳራሽ ነው፤ ሕንፃው ግን በ1873 ተቃጥሏል። ስለዚህ «መቼ አያት?» ከማለት «ለምን እዚህ አስቀመጣት?» ማለት ይሻላል።

«ነጩ ቀሚስ የንጽሕና ምልክት ነው።» ከሁሉ በፊት የሥራ ልብስ ነው።

«ከኋላ ያለው ሰውዬ ቦታ መሙያ ነው።» በጣም የሚቆጨኝ ስሕተት ይህ ነው። በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ባለው «ኮከቧ» በተባለው የዴጋ ሥዕል ዳንሰኛዋ እጆቿን ዘርግታ ብቻዋን መድረኩ ፊት ወጥታለች። ከመጋረጃው ጥግ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወንድ ቆሟል። በዚያ ዘመን የኦፔራው ሀብታም ደንበኞች ከመድረክ ጀርባ መግባት ይፈቀድላቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ዳንሰኞች ደግሞ የድሃ ልጆች ስለነበሩ ኑሯቸው በእነዚህ ሰዎች ፈቃድ ላይ ይንጠለጠል ነበር። የእሷን አገጭና አንገት የመድረኩ መብራት ከታች አብርቶታል። የሰውየውን ፊት ግን መጋረጃው ከልሎታል፤ የሚታየን ሱፉ ብቻ ነው።